የክፍሎች ወለል ከፍታ ሲለያይ፦ ቤት ሲታደስ ልዩነቱን ከመዶሻው በፊት በወረቀት ላይ መጨረስ

ሰውን የሚያደናቅፈው ትልቁ እርከን አይደለም። 15 ሴንቲሜትር የሚሆን ደረጃ ፊቱ የተደቀነበት ሰው ሳያስበው እግሩን ያነሳል። በኮሪደርና በመኝታ ቤት መካከል የተደበቀችው 2 ሴንቲሜትር ግን ዓይን አይገባትም። ጣት ትመታለች፣ ሻይ ታስደፋለች፣ አዛውንት ትጥላለች።

ይህች ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ የምትታወቀው ሥራው ሊያልቅ ሲል ነው። ሴራሚኩ ተነጥፏል፣ ፓርኬው ገብቷል፣ በሩ ሊሰቀል ነው። በዚያ ሰዓት የሚቀረው ምርጫ በመጋጠሚያው ላይ ወፍራም የብረት ዘንግ መትቶ ነገሩን መሸፈን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ሐሳብ አንድ ነው፦ ሥራው የሚጀመረው አሁን ከሚረገጠው ወለል ሳይሆን ወደፊት ከሚረገጠው ነው። የተጠናቀቀው ወለል የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይወሰናል፤ ከዚያ ወደ ታች እየተቀነሰ እያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል መሞላት ወይም መፈንቀል እንዳለበት ይታወቃል።

መጀመሪያ፦ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ምክንያቱ ካልታወቀ መፍትሔው በግምት ይሆናል። የተለመዱት ምንጮች ጥቂት ናቸው። በአሮጌ ሴራሚክ ላይ አዲስ ሴራሚክ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ክፍል በኋላ የተቀጠለ ሊሆን ይችላል። አንዱ ክፍል ኮንክሪት ላይ ሲያርፍ ሌላው በእንጨት አግዳሚዎች ላይ የተሠራ ሊሆን ይችላል። መታጠቢያ ቤት ደግሞ ውሃ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጎ ሊሠራ ይችላል። ይህን የመጨረሻውን እንደ ስህተት ቆጥሮ «አስተካክላለሁ» ያለ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ የኮሪደሩ ፓርኬ አብጦ ያገኘዋል።

ከእነዚህ ሁሉ የተለየው መስመጥ ነው። ወለሉ ወደ አንድ ጥግ የሚያዘነብል፣ በዚያው በኩል ግድግዳው ላይ ሰያፍ ስንጥቅ የሚታይ፣ በሮችም ቀድሞ ይዘጉ የነበሩት አሁን የሚይዙ ከሆነ ጉዳዩ የወለል ሥራ አይደለም። በስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀን ይጻፉበት። ስንጥቁ ምልክቱን አልፎ ከሄደ መጥራት ያለብዎት የመዋቅር መሐንዲስ ነው። በሚሰምጥ ወለል ላይ ሲሚንቶ መሙላት ተጨማሪ ክብደት መጫን ስለሆነ ነገሩን ያባብሰዋል።

የውሃ ልኩን መስመር ማውጣት

ሁሉም ክፍል የሚለካው ከአንድ መስመር ነው። በሌዘር ይሥሩት ወይም ግልጽ በሆነ የውሃ ጎማ፣ ዋናው ነገር መስመሩ በበሮቹ በኩል አልፎ ቤቱን ሁሉ መዞሩ ነው። ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ መሰመሩ ለሥራ ይመቻል።

ጎማው የቆየ ዘዴ ቢሆንም ትክክለኛነቱ የሚናቅ አይደለም፤ ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ ውስጡ የአየር አረፋ መቅረት የለበትም፤ አንዲት አረፋ ንባቡን ታዛባለች። ሁለተኛ፣ በንባብ ጊዜ የጎማው ሁለቱም ጫፎች ክፍት መሆን አለባቸው። ከመጀመርዎ በፊት ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን ይዘው ውሃው እኩል መቆሙን ያረጋግጡ። ዙሪያውን ሁሉ መስመር የሚያወጣ ሌዘር የሚጠቀም ሰውም መሣሪያውን ሊያምነው የሚገባው ፈትሾ ነው፦ በአንድ ግድግዳ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ መሣሪያውን በቦታው 180 ዲግሪ ያዞራል፣ ጨረሩ እዚያው ምልክት ላይ ማረፉን ያያል።

መስመሩ ካለቀ በኋላ ከመስመሩ እስከ ወለሉ ወደ ታች ይለኩ። በየክፍሉ አራቱን ጥጎች፣ መሐሉን፣ በተለይ ደግሞ የእያንዳንዱን በር ደፍ ከውስጥም ከውጭም ይለኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ የሚለካው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወለሉ ዝቅ ያለ ነው። ቁጥሮቹን በየቦታቸው ወለሉ ላይ በጠመኔ ይጻፉና በወረቀት በተነሣው የቤቱ ንድፍ ላይም ያስፍሯቸው።

ከፍታ አንድ ነገር ነው፣ ሞገድ ሌላ ነገር ነው። 2 ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ ስታጃ (የማስተካከያ ዘንግ) ወለሉ ላይ እየጎተቱ ከሥሩ የሚታየውን ክፍተት ይለኩ። ላሚኔትና ሌሎች ሳይጣበቁ የሚነጠፉ ወለሎች መጠነኛ ተዳፋት ይችላሉ፤ የማይችሉት ጉብታና ጉድጓድ ነው። በ2 ሜትር ውስጥ ከ3 ሚሊሜትር ያለፈ ክፍተት ካለ ሳንቃው ሲረገጥ ይወርድና ይወጣል፤ ውሎ አድሮ የመጋጠሚያ ጥርሱ ይሰበራል።

የማይነቃነቀው ነጥብ የቱ ነው?

በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ ከፍታው ሊቀየር የማይችል፣ ወይም ቢቀየር ብዙ ነገር ይዞ የሚናድ ቦታ አለ። ሌላው ሁሉ ለእሱ ይታዘዛል። እነዚህን አንድ በአንድ ይፈትሹ፦

ዋናው መግቢያ በር። ወደ ውስጥ የሚከፈት የብረት በር ከሆነ እንደ እንጨት በር ከሥሩ አይላጭም። በሩ ሲከፈት የሚጠርገው ቦታ ላይ ወለሉ ምን ያህል ከፍ ማለት እንደሚችል የሚወስነው እሱ ነው።

ደረጃ። ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የላይኛውን ፎቅ ወለል በ2 ሴንቲሜትር ከፍ ያደረገ ሰው የመጨረሻውን እርከን ከሌሎቹ በ2 ሴንቲሜትር አስረዘመው ማለት ነው። የታችኛውን ወለል ከፍ ካደረገ ደግሞ የመጀመሪያው እርከን ያጥራል። እግር ሁለትና ሦስት እርከን ከረገጠ በኋላ ቀጣዩን በልማድ ነው የሚያነሳው፤ ስለዚህ ነው በስፋት የሚሠራባቸው የግንባታ ደንቦች በአንድ መወጣጫ ውስጥ በእርከኖች መካከል ከ9.5 ሚሊሜትር ያለፈ ልዩነት የማይፈቅዱት።

የኩሽና ቁምሳጥን። ቁምሳጥኖቹ በቦታቸው ሳሉ ከፊታቸው ያለው ወለል ብቻ ከፍ ካለ የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ እዚያው ይታሰራል፤ ለጥገና ማውጣት የሚቻለው ወለሉን ወይም የላይኛውን ጠረጴዛ በማፍረስ ይሆናል።

የመታጠቢያ ቤት ፍሳሽና የመጸዳጃ መቀመጫው መጋጠሚያ፣ የበረንዳ በር ደፍ፣ ወደ ውስጥ የሚከፈቱና እስከ ወለል የሚወርዱ መስኮቶችም እዚሁ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ። የበረንዳና የመስኮት መከላከያ አጥር ከፍታ የሚለካው ከተጠናቀቀው ወለል ስለሆነ ወለሉ ከፍ ሲል አጥሩ በዚያው ልክ ያጥራል።

ስሌቱ፦ አንድ ቤት በምሳሌ

አሁን በየክፍሉ የሚነጠፈው ነገር ውፍረት ይደመር። የተለመዱት መጠኖች እነዚህ ናቸው፦ ሴራሚክ ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር፣ ማጣበቂያው ከ3 እስከ 6፣ ላሚኔት ከ7 እስከ 12፣ ከሥሩ የሚገባው ስስ ስፖንጅ 2 ወይም 3፣ ፓርኬ 14 ወይም 15፣ የቪኒል ሳንቃ ከ2 እስከ 5። እነዚህ ግን መነሻ ብቻ ናቸው፤ የሚገዙትን ዕቃ ራሱን ይለኩ።

ከውሃ ልኩ መስመር ወደ ታች ሲለካ ኮሪደሩ 1003 ሚሊሜትር፣ ሳሎኑ 1021፣ መኝታ ቤቱ በአንድ ጥግ 1028 በሌላው 1034፣ መታጠቢያ ቤቱ 1012 ሆነ እንበል። የኮሪደሩ ሴራሚክ ደህና ስለሆነና የብረት በሩም እዚያው ስለሚከፈት ኮሪደሩ አይነካም። ስለዚህ የቤቱ የተጠናቀቀ ከፍታ 1003 ሆነ።

ሳሎኑ እስከ ኮሪደሩ ድረስ 18 ሚሊሜትር ይጎድለዋል። 8 ሚሊሜትር ላሚኔት ከ2 ሚሊሜትር ስፖንጅ ጋር 10 ይሸፍናል፤ ስለዚህ 8 ሚሊሜትር ሙሌት። ቀላል ነው። መኝታ ቤቱ ከ25 እስከ 31 ይጎድለዋል፤ ፓርኬው ከማጣበቂያው ጋር 16 ሲወስድ ከ9 እስከ 15 የሚሆን ሙሌት ይቀራል። ይህም የሚቻል ነው።

ችግሩ መታጠቢያ ቤቱ ላይ ነው። በአሮጌው ሴራሚክ ላይ አዲስ ቢለጠፍ፣ 9 ለሴራሚኩ፣ 4 ለማጣበቂያው፣ 1 ለውሃ መከላከያው ተደምሮ 14 ይሆንና ወለሉ 998 ላይ ያርፋል። ከኮሪደሩ በ5 ሚሊሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው፤ የፈሰሰ ውሃ ሁሉ ወደ ኮሪደር ይወጣል። የምንፈልገው በተቃራኒው ነው፦ በሩ ጋ ከኮሪደሩ በ10 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ 1013፣ ከዚያ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ እስካለው ፍሳሽ ድረስ በ1.5 በመቶ ተዳፋት ወደ 1035 ገደማ የሚወርድ። 14ቱን ስንጨምርበት የሙሌቱ ፊት በር ጋ 1027፣ ፍሳሹ ጋ 1049 መሆን አለበት። አሮጌው ሴራሚክ ከነሙሌቱ 40 ሚሊሜትር ከሆነና ተፈንቅሎ ሶሌታው (ከሥር ያለው የኮንክሪት ንጣፍ) 1052 ላይ ቢገኝ ነገሩ ይሳካል፦ በር ጋ 25 ሚሊሜትር፣ ፍሳሹ ጋ 3 ሚሊሜትር የሆነ አዲስ ሙሌት። ፍሳሹ አጠገብ ያለው ስስ ክፍል ተራ አሸዋና ሲሚንቶ ከሆነ ስለሚፈረፈር ለስስ ንብርብር የተሠራ የጥገና ሞርታር ያስፈልገዋል። የሙሌቱን ውፍረት ለማወቅ ሙሉውን ማፍረስ አያስፈልግም፤ ፍሳሹ አጠገብ አንድ ሴራሚክ አንሥቶ ማየት ይበቃል።

ለማንኛውም ውሳኔው «የመታጠቢያ ቤቱ አሮጌ ሴራሚክ ይነሣ» የሚል ነው፤ ይህን የነገረንም ወረቀቱ ነው። ስሌቱን ያልሠራ ሰው የሚደርስበት ሴራሚኩ ተለጥፎ ካለቀ በኋላ ነው።

ስንት ሚሊሜትር ለየትኛው መፍትሔ?

ከሙሌት በኋላም ቢሆን እስከ 6 ሚሊሜትር የቀረ ልዩነት ብዙ አያሳስብም፤ በጠርዙ ዘንበል ያለ ፕሮፋይል (የመጋጠሚያ መሸፈኛ ዘንግ) ይበቃዋል። ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት በወጡ ደንቦች ውስጥ የተለመደው ልክ ይኸው ነው፦ እስከ 6 ሚሊሜትር ገደማ ቀጥ ያለ ጠርዝ ይፈቀዳል፣ ከዚያ በላይ እስከ 13 ሚሊሜትር ድረስ ጠርዙ መላጨት አለበት፣ ከ13 በላይ የሆነው እንደ ራምፕ (ያለ እርከን የሚወጣ ተዳፋት) ይቆጠራል።

ጥቂት ሚሊሜትር የሚጎድለው ክፍል ሲሆን ከሙሌት በፊት የሚነጠፈውን መቀየር ያስቡበት። ከ8 ወደ 12 ሚሊሜትር ላሚኔት መሄድ 4 ሚሊሜትር ይሰጣል፤ ከሥሩ ወፍራም የእንጨት ቃጫ ሰሌዳ ማስገባት ሌላ ጥቂት። ማጣበቂያን አወፍሮ ማንሣት ግን አይመከርም። ተራ የሴራሚክ ማጣበቂያ ከ5 ወይም ከ6 ሚሊሜትር በላይ ሲወፍር ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሴራሚኩን ወደ ታች ይስበዋል፤ ትላንት እኩል የነበሩት ጠርዞች በማግሥቱ ደረጃ ይሠራሉ።

ከ3 እስከ 20 ሚሊሜትር ገደማ ራሱን በራሱ የሚያስተካክለው ፈሳሽ ሙሌት ቦታ ነው። ከዚያ በላይ የሲሚንቶና አሸዋ ሙሌት ወይም የእንጨት ሥራ ይመጣል። ወፍራም ሙሌት ከማፍሰስዎ በፊት ግን ክብደቱን ያስቡ። አንድ ሴንቲሜትር የሲሚንቶ ሙሌት በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። 5 ሴንቲሜትር ሲሆን 100 ኪሎ ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው ለሰውና ለዕቃ በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ኪሎ እንዲሸከም ነው፤ ስለዚህ 5 ሴንቲሜትር ሙሌት ከዚህ አቅም ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ብቻውን ይበላል። መሬት ላይ ባረፈ ወለል ይህ ችግር አይደለም። ፎቅ ላይ ግን መሐንዲስ ሳይጠየቅ አይደረግም፤ ቀለል ያለ መንገድ፣ ለምሳሌ ከሥር ጠንካራ ፎም ሰሌዳ አንጥፎ በላዩ ስስ ንብርብር ማድረግ፣ አለ።

ከፍ ያለውን ዝቅ ማድረግስ? አሮጌ ሴራሚክና ሙሌት ማንሣት ይቻላል፤ ጉብታ መሞረድም ይቻላል። ሶሌታውን ራሱን መቆፈር ግን አይቻልም፤ ውስጡ ያለው ብረት ሕንፃውን የሚይዘው ነው። የእንጨት አግዳሚዎችንም ከላይ መላጨት ያው ነው። ኮንክሪት ሲሞረድ የሚነሣው ደቃቅ ብናኝ ሲሊካ ስላለበት ሳንባ ይጎዳል፤ አቧራ የሚስብ ማሽን የተገጠመለት መሞረጃና ለደቃቅ ብናኝ የተሠራ ጭምብል የግድ ነው። በአሮጌ ቤቶች ውስጥ ያለ የቪኒል ንጣፍና ከሥሩ ያለው ጥቁር ማጣበቂያ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖረው ስለሚችል ሳይመረመር አይፋቅም፣ አይሞረድም። ደህና ሆኖ የተጣበቀ ከሆነ ሳይነኩት በላዩ መሸፈን ይሻላል።

ፈሳሹን ሙሌት ማፍሰስ

ይህ ሥራ ከቀላሎቹ ይመደባል፤ ግን ጊዜ አይሰጥም። ድብልቁ ባልዲ ውስጥ የሚቆየው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ተሰናድቶ መጠበቅ አለበት።

መጠኑን ያስሉ። በአንድ ካሬ ሜትር ለአንድ ሚሊሜትር 1.7 ኪሎ ገደማ ደረቅ ዱቄት ይፈጃል። ከላይ በምሳሌው ያየነው መኝታ ቤት 14 ካሬ ሜትር ቢሆንና አማካይ ሙሌቱ 12 ሚሊሜትር ቢሆን 286 ኪሎ፣ ማለትም ባለ 25 ኪሎ 12 ከረጢት ይሆናል። አንድ ትርፍ ይጨምሩ፤ በመሐል ካለቀ መጋጠሚያው ለዘላለም ይታያል።

ወለሉን ያጽዱ። አቧራ፣ ቅባት፣ ቀለም፣ የላላ ሙሌት ሁሉ ይነሣ። በመዶሻ እጀታ ወለሉን እየመቱ ያዳምጡ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ከሥሩ ለቋልና መፈንቀል አለበት። ስንጥቆችና ቀዳዳዎች ይደፈኑ። ፈሳሹ የወረቀት ያህል ክፍተት ካገኘ ይሄዳል፤ በፎቅ ቤት ደግሞ የሚወጣው በታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ነው። በቧንቧ ዙሪያና በግድግዳው ሥር የስፖንጅ ጥብጣብ ይለጠፍ፤ ይህ ማፍሰሻውን ከመዝጋቱም በላይ ሙሌቱ ሲሰፋ ግድግዳውን እንዳይገፋ ያደርጋል። በሩ ላይ ፈሳሹን የሚያቆም ቀጥ ያለ እንጨት በሲሊኮን ይተከል፤ ከፍታውም አስቀድሞ የተሰላው ልክ ይሁን።

ፕራይመር (ሙሌቱ ወለሉን እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባ ፈሳሽ) ይቀቡ። ጥቂት ውሃ ያንጠባጥቡና ይዩ፦ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከተመጠጠ ወለሉ መጣጭ ነው፣ ተራው ፕራይመር ይበቃዋል፤ ምናልባትም ሁለት ዙር። ውሃው እንደ ዶቃ ከቆመ፣ ለምሳሌ በአሮጌ ሴራሚክ ላይ፣ አሸዋማ ፊት ያለው ለማይመጥ ወለል የተሠራ ፕራይመር ያስፈልጋል። ፕራይመር የተዘለለበት ቦታ ላይ ደረቁ ወለል የድብልቁን ውሃ ይመጠዋል፣ ሙሌቱም ሳይፈስ ይቆማል፤ ከሥሩ የሚወጣው አየርም ትናንሽ ጉድጓዶች ይሠራል።

የከፍታ ምልክት ያስቀምጡ። በአንድ ሜትር ርቀት ወለሉ ላይ ብሎን ይምቱና ራሱ ከሚፈለገው ከፍታ እኩል እስኪሆን ያስተካክሉ። ስሙ «ራሱን የሚያስተካክል» ቢሆንም በተለይ ከ6 ሚሊሜትር በታች ሲሆን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ብቻውን አይሄድም፤ መርዳት የግድ ነው።

ይደባልቁ። ውሃው መጀመሪያ፣ ዱቄቱ በኋላ። ውሃው ከረጢቱ ላይ በተጻፈው ልክ ይሁን፤ ፈሰስ እንዲል ትንሽ ጨምሮ መደባለቅ ትልቁ ፈተና ነው፤ የበዛው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲደርቅ ፊቱ እንደ ዱቄት ይራገፋል፣ የተጣበቀበትም ሁሉ አብሮት ይነሣል። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ያለማቋረጥ ይደባልቃል፣ ሌላው ያፈሳል።

ከሩቁ ጥግ ጀምረው ወደ በሩ ያፍስሱ። አንዱ ባልዲ ሌላው ሳይጠና መድረስ አለበት። በረጅም እጀታ መጥረጊያ ያሰራጩት፣ ከዚያ እሾሃማ ሮለር አንድ ጊዜ ያሳልፉበት፤ አረፋውን ያወጣል፣ የባልዲዎቹንም መጋጠሚያ ያዋሕዳል። መጠናት ከጀመረ በኋላ አይንኩት። የቀረ ጉብታ ካለ በማግሥቱ ይሞረዳል። መስኮትና በር ዘግተው ነፋስና ቀጥተኛ ፀሐይ ይከልክሉ። ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ለመራመድ ይጠናል፤ ለንጣፍ ግን ገና ነው።

የማድረቂያው ጊዜ

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ በወለል ሥራ ቀንዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ተራ የሲሚንቶ ሙሌት በጥሩ አየር በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ይደርቃል፣ ያውም እስከ 5 ሴንቲሜትር ድረስ፤ ከዚያ በላይ የሆነው ውፍረት የበለጠ ይዘገያል። 4 ሴንቲሜትር ያፈሰሰ ሰው ፓርኬ ለማንጠፍ 6 ሳምንት ገደማ ይጠብቅ ማለት ነው። ፊቱ ነጭ ስለሆነና እጅ ስለማያረጥብ ደርቋል ማለት አይደለም።

ቀላሉ ፈተና 45 በ45 ሴንቲሜትር የሆነ ግልጽ ፕላስቲክ በአራቱም ጎን በፕላስተር አጣብቆ ቢያንስ 16 ሰዓት ማቆየት ነው። ከሥሩ ጤዛ ከታየ ወይም የተሸፈነው ቦታ ከጠቆረ እርጥበቱ አልወጣም። ጤዛ አለመታየቱ ግን ለሴራሚክ እንጂ ለእንጨት በቂ ማስረጃ አይደለም። ለፓርኬ ሙያተኛ ናሙና ቆፍሮ በካርባይድ መሣሪያ ይለካ፤ ለሲሚንቶ ሙሌት የተለመደው ወሰን 2 በመቶ ነው፣ ለጂፕሰም ሙሌት ደግሞ 0.5 በመቶ። መጠበቅ የማይቻል ከሆነ ቶሎ የሚደርቅ ሙሌት አለ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ስድስት ሳምንት ቤት ተከራይቶ ከመቆየት ጋር ሲተያይ ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ወለሉ እንጨት ሲሆን

በእንጨት አግዳሚ ላይ ያረፈ ወለል ሲረገጥ ይተጣጠፋል፤ ተራ የሲሚንቶ ሙሌት አይተጣጠፍም። ስለዚህ እዚህ ወለሉ ከፍ የሚደረገው በእንጨት ነው። ጥቂት ሚሊሜትር ከሆነ የላሉትን ሳንቃዎች በብሎን አጥብቀው 6፣ 9 ወይም 12 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ በላያቸው ይነጠፍ። ጠርዝ ጠርዙን በየ15 ሴንቲሜትሩ ይታሰር፤ በሰሌዳዎቹ መካከል 2 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይተው፤ መጋጠሚያዎቻቸውም አንድ መስመር ላይ አይግጠሙ።

ልዩነቱ በክፍሉ ውስጥ ራሱ የሚለያይ ከሆነ፣ ለምሳሌ በአንድ በኩል 5 በሌላው 30 ሚሊሜትር ከሆነ፣ የሚሻለው ሳንቃውን አንሥቶ በእያንዳንዱ አግዳሚ ጎን አዲስ ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን ረጅም እንጨት) በውሃ ልክ ማሰር ነው። ሞራሌዎቹ አዲሱን ወለል ይይዛሉ፣ አሮጌዎቹም ይጠናከራሉ። ሳንቃው ሲነሣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የውሃ ቧንቧ የት እንዳለ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ በኋላ ብሎን ሲመቱ ይፈልጉታል።

በሩ ላይ ምን ይደረግ?

ሁለቱ ንጣፎች የሚገናኙበት መስመር ቦታው በሩ ሲዘጋ ከበሩ ሥር፣ በውፍረቱ መሐል ነው። እንዲህ ሲሆን በሩ ተዘግቶ ከየትኛውም ክፍል ቢታይ የሌላው ክፍል ንጣፍ ብቅ አይልም።

ከፍታው እኩል ከሆነ ጠፍጣፋ የቲ ቅርጽ ፕሮፋይል፣ ጥቂት ከተለያየ አንድ ጎኑ ዘንበል ያለው ይገጠማል። ሳይጣበቅ የተነጠፈ ላሚኔት በበሩ ሥር ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር መተንፈሻ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ፕሮፋይሉ የሚታሰረው ከሥር ካለው ኮንክሪት ወይም ከሴራሚኩ ጎን ጋር እንጂ ከላሚኔቱ ጋር አይደለም። ብሎኑ ላሚኔቱን ከወጋው ሳንቃው መንቀሳቀስ ያቅተውና መሐል ክፍሉ ላይ ያብጣል።

ልዩነቱን ጨርሶ ማጥፋት ካልተቻለ ሁለት መንገድ አለ፤ ሦስተኛ የለም። የመጀመሪያው ማርዘም ነው። 20 ሚሊሜትር በደፉ ላይ ያደናቅፋል፤ በአንድ ሜትር ላይ ሲዘረጋ ግን 2 በመቶ ተዳፋት ስለሆነ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራ ራምፕ ከ1 ለ12 መቆም የለበትም፦ ለ25 ሚሊሜትር ልዩነት ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ ቦታ ካለ ደግሞ 50። ተዳፋቱ በሩ ከሚጠርገው ቦታ ውጭ መሆኑን አይርሱ።

ሁለተኛው ግልጽ ማውጣት ነው። ልዩነቱ 10 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ እውነተኛ እርከን ይሁን፦ በቀለሙ ከወለሉ የሚለይ የጠርዝ መሸፈኛ ይገጠምለት፣ ብርሃን ይኑረው፣ በሁለቱም በኩል ሰው ቆሞ የሚያርፍበት ቦታ ይተውለት። ሁለቱንም ወገን በአንድ ዓይነት ሴራሚክ መሸፈን ለፎቶ ያምራል፤ ለእግር ግን ወጥመድ ነው። ከ3 እስከ 8 ሴንቲሜትር ያለው መካከለኛው ልክ ደግሞ በየትኛውም ጌጥ አይድንም፤ ወይ በተዳፋት ይጥፋ፣ ወይ የአንደኛው ክፍል ሙሌት ተሻሽሎ ይቀነስ።

መታጠቢያ ቤቱ ጋ የሚጨመር ነገር አለ። ውሃ መከላከያው በደፉ ሥር ሳይቋረጥ ማለፍና በግድግዳው ላይ መውጣት አለበት። ከኮሪደሩ ጋር ፍጹም እኩል እንዲሆን የሚፈለግ ከሆነም ይቻላል፤ ግን በሩ ላይ ቀጭን የውሃ መውረጃ ቦይ ይግባ፣ ወይም ተዳፋቱ ከደፉ ራሱ ይጀምር። ከወለሉ ጋር የፍሳሹ ሽፋን አብሮ መነሣቱን ያረጋግጡ፤ በጉድጓድ ውስጥ የቀረ ሽፋን ዙሪያውን ውሃ ያቋጥራል።

በሮችና ዞኮሎ

በሮች ከመሰቀላቸው በፊት ከተጠናቀቀው ወለል እስከ በሩ ሥር ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ክፍተት ይተው። የሚለካው በሩ ተዘግቶ ብቻ አይደለም፤ በሚዞርበት መንገድ ሁሉ ላይ ወለሉ ከፍ የሚልበት ቦታ ካለ ክፍተቱ የሚሰላው ከዚያ ነው። ጠንካራ የእንጨት በር እንደ ልብ ይላጫል። ውስጡ ባዶ የሆነ በር ግን ከሥሩ ያለው እውነተኛ እንጨት ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ከተቆረጠ ሁለቱ ፊቶች ተላቀው ክፍት ይቀራሉና የተቆረጠውን እንጨት መልሶ ውስጥ ማጣበቅ ያስፈልጋል። በሁለቱም ዓይነት አዲሱ ጠርዝ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ይቀባ፤ በተለይ የመታጠቢያ ቤቱ በር፣ እርጥበት የሚጠጣው በዚያ በኩል ስለሆነ።

ዞኮሎው (በግድግዳው ሥር የሚሄደው መሸፈኛ) የሚመታው ወደ ግድግዳው ነው፣ ወደ ወለሉ አይደለም። በኮሪደሩና በክፍሉ መካከል 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ቀርቶ ከሆነ ደግሞ የዞኮሎውን የላይኛውን ጠርዝ ከውሃ ልኩ መስመር ለክተው በሁለቱም በኩል እኩል ያድርጉት፤ የሥሩ ልዩነት ይላጭ። በግድግዳው ላይ ያለው የእርሳስ መስመር እስከዚህ ድረስ ያስፈልጋልና ቀለም ቀቢው ቀድሞ እንዳይሸፍነው ይንገሩት።